እርማት፦ የአማዞን ክላውድ ከትርፍ ሰርቨር አልተወለደም

ወንድሜ፣ ስለ ክላውድ (የሌላ ድርጅትን ኮምፒውተር በኢንተርኔት በኩል ተከራይቶ ስለ መጠቀም) የጻፍከው ጥሩ ነው፤ አንድ ነጥብ ግን መታረም አለበት። «የኢንተርኔት መደብሩ አማዞን ለገና ገበያ የገዛቸው ሰርቨሮች (ድረ ገጽን የመሰለ አገልግሎት የሚያካሂዱ ኮምፒውተሮች) ከበዓሉ በኋላ ሥራ ሲፈቱ አከራያቸው፣ ርካሽ የሆነውም ለዚህ ነው» ብለሃል። ወሬው ከመደጋገሙ የተነሳ እውነት መስሏል። የኩባንያው የቴክኖሎጂ ኃላፊ ቨርነር ቮግልስ ግን ተረት ነው ብሎ በይፋ አስተባብሏል፤ እንደ እሱ አባባል፣ የተከራየው ትርፍ ሰርቨር ቢሆን ኖሮ አገልግሎቱ በተጀመረ በሁለት ወር ውስጥ ባለቀ ነበር።

ደግሞስ ገና ሲመለስ ተከራዩን «ሰርቨሬን መልስ» ሊሉት ነው? እንዲህ ባለ ኪራይ ላይ ማን ንግዱን ይመሠርታል?

ነገሩ የታሰበበት ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. የአማዞን ባለሙያዎች የነበሩት ክሪስ ፒንክሃም እና ቤንጃሚን ብላክ የኩባንያውን የኮምፒውተር መሠረተ ልማት እንደ አዲስ ለማዋቀር ሐሳብ ሲያቀርቡ፣ አገልግሎቱን ለውጭ ደንበኛ መሸጥ እንደሚቻልም ጠቁመዋል። ኢሲቱ የተባለውን የሰርቨር ኪራይ የገነባው ቡድን የሚሠራውም ኬፕ ታውን ነበር (ይህን አፍሪካዊ ድርሻ ብዙ ሰው አያነሳውም)። በኦገስት 2006 ለሙከራ ሲከፈት በሰዓት 10 የአሜሪካ ሳንቲም ያስከፍል ነበር። የአማዞን የራሱ መደብር የድር ሰርቨሮቹን ወደዚሁ የኪራይ አገልግሎት ያዞረው እንኳ በ2010 ነው።

ስለ ርካሽነቱም ቢሆን፣ ዓመቱን ሙሉ ሳይጠፋ የሚሠራ የኪራይ ሰርቨር ከተገዛው ሊወደድ ይችላል። ነጋዴው የሚጠቀመው መነሻ ካፒታሉን ሰርቨር ግዢ ላይ ስለማያፈስና ገበያ ሲደራ ጨምሮ፣ ሲቀዘቅዝ ቀንሶ ስለሚከፍል ነው።