እናቴ ፈረስ ናት

ቆጣሪ ሕዝብ ይባረክ! ደብረ ብርሃን ሠርግ የተጠራ ሰው ከሙሽራው ስም በፊት የሚጠይቀው «ስንት ሰንጋ ወደቀ? ስንት መኪና አጀበ?» ብሎ ነው። ደግ አደረገ። የሙሽሮቹ ጠባይ በምን ይቆጠራል? የጅሩ ሰንጋ ግን ቀንድ አለው፤ ቀንዱን ቆጥሮ ለሁለት ማካፈል ነው።

እኔን የሚቆጨኝ ይህ ጥበብ በሰው ብቻ መቅረቱ ነው። እንስሳውም ተክሉም በየሴሉ ውስጥ ክሮሞዞም የሚባል፣ የዘር መልእክት የተጠቀለለበት ክር አለው፤ የብዙዎቹም ተቆጥሯል። እስቲ የድንኳኑን ወንበር በክሮሞዞም ልክ እናድል። የሰው ልጅ 46 ይዞ ሲገባ ድንች በ48 ቀድሞት ተቀምጧል። ትምባሆም 48 ነውና ከደጅ ይቅር ማለት አይቻልም። ውሻና ዶሮ 78፣ 78 ስላላቸው ከሽማግሌዎቹ ጎን ይሁኑ፤ ዶሮዋ ወጥ ሆና ካልቀደመች። ከመሬት ብዙም ቀና የማትል አንዲት የፈርን ዘር ደግሞ 1260 ይዛ ትመጣለችና ሁላችንም እንነሳላት። አውስትራሊያ ውስጥ ሴቷ 2፣ ወንዱ 1 ብቻ ያለው የጉንዳን ዓይነት አለ። እንዲህ ያለውን ደሃ ማን ጠራው?

የመንዝ ገብስ 14፣ የምንጃር ጤፍ 40 ነው። ምንጃሬው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ ይበል። ገብስ በ14ቱ ላይ የተሸከመው የዘር ፊደል ወደ 5 ቢሊዮን ይደርሳል፣ ከሰው 3 ቢሊዮንም ይበልጣል፣ የጤፍ ግን አንድ ቢሊዮን እንኳ አይሞላም የሚሉ አሉ። አትስሟቸው። ውስጡን ልመዝን የሚል እንግዳ ሠርግ ያበላሻል።

ከሁሉ ያንገበገበኝ የጭላዳው ጉዳይ ነው። የእኛ የጓሳው ወገን 42 ሲሆን የሰሜን ተራሮቹ 44 ሆነው ተገኙ። በምን በለጡን? አንዱ ጥንድ ክሮሞዞማቸው ከሁለት ተሰንጥቆ! የተጨመረ ነገር የለም፤ ቁጥሩ ግን ከፍ ብሏል። ዘዴውን ድንኳን ውስጥ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ጌታ ድፍን 200 ብር አስመንዝሮ፣ አሥር አሥር ብሩን በምላሱ እያረጠበ በአዝማሪው ግንባር ሊለጥፍ ሃያ ጊዜ ተነሳ። ቪዲዮ ቀራጩ ሃያውንም ቀረጸለት። ድፍኑን አንዴ ሰጥቶ የተቀመጠው ጎረቤቱ ቪዲዮው ላይ የለም።

የሰው ልጅ እንደ ጎረቤትየው ሳይሆን አልቀረም። ቺምፓንዚ 48ቱን ይዞ ሲቀር፣ በእኛ የዘር ሐረግ ሁለት ክሮሞዞሞች ጫፍ ለጫፍ ተጋጥመው ዛሬ 2ኛው የሚባለውን ሠሩ። በዚሁ ዝቅ አልን።

ለክብራችን የተቆረቆረ ግን አልጠፋም። አሜሪካዊው ቴዎፊለስ ፔይንተር እ.ኤ.አ. በ1923 የሰው ክሮሞዞም 48 ነው ብሎ አሳተመ፤ ከእርሱ በኋላ ማይክሮስኮፕ ላይ ካጎነበሱት ብዙዎቹም ያንኑ 48 ቆጠሩ። እ.ኤ.አ. በ1956 ጆ ሂን ቺዮና አልበርት ሌቫን ስዊድን ላይ ሆነው 46 ነው እስኪሉ ድረስ 33 ዓመት በተድላ ኖርን። እዚህም ቢሆን የሙሽራው አጎት «ሺህ ሰው በላ» ካለ በኋላ፣ ሳህን ስታጥብ ያደረችው ሴት «ኧረ አራት መቶም አይሞላ» ብትል ማን ይሰማታል?

የዚህ ሙያ ሊቅ በቅሎ ናት። አባትሽ ማነው ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ብለን ስንቀልድባት ኖርን። ሒሳቧን ግን እዩላት፤ እናቷ ባዝራ 64፣ አባቷ አህያ 62። ትልቁን ጠራች፣ ትንሹን ዋጠች። ለራሷ የደረሳት ከእናት 32፣ ከአባት 31፣ ድምር 63 ነው፤ ክሮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለማይገጥሙም መውለዱ ቀርቶባታል። ቢሆንም ምን ቸገራት? የወርቅ መጣምር አጥልቃ ሙሽራውን ታወርዳለች። አባቷ የድግሱን ውኃ ጭኖ በጓሮ በር ሲገባ፣ ቪዲዮ ቀራጩን «ወደዚያ እንዳታዞር» ያለችው እርሷ ሳትሆን አትቀርም።