ስብስቡን የሚመርጠው ወንበር አሟቂው ነው

አሜሪካ ውስጥ የድሮ የቤዝቦል ካርድ የሚሰበስብ ሰው አንዱን ስብስብ በጨረሰ ማግስት የሚናገራት ቃል አለች፦ «ከእንግዲህስ በቃኝ።» ይህን የሚለው አንድም ለሚስቱ፣ አንድም ለባንክ ደብተሩ ነው። ሁለቱም አያምኑትም። ሳምንት ሳይሞላ ማታ ማታ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ይገኛል። «ምን እያየህ ነው?» ሲባል «ዜና» ይላል። ዜናው የ1956 ነው።

ነገሩ ለማያውቅ እንዲህ ነው። ካርዶቹ ድሮ ከሲጋራ ፓኮ፣ በኋላም ከማስቲካ ጋር ይታደሉ የነበሩ የተጫዋች ሥዕሎች ናቸው። በየዓመቱ የሚወጡት ከ1 ጀምሮ ቁጥር ይሰጣቸዋል። ጨዋታው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቁጥር አንድም ሳይጎድል መያዝ ነው። የያኔዎቹ ልጆች ካርዶቹን በላስቲክ አስረው፣ ኪሳቸው ውስጥ አጣጥፈው፣ የብስክሌት ጎማ ላይ አንጣጥተው ጨረሷቸው። የተረፈውን እናቶቻቸው ቤት ሲያጸዱ ጣሉት። ዛሬ ሽማግሌዎች በሺህ ዶላር የሚገዙት እናቶች ያልደረሱበትን ነው።

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ። ሰው ሁሉ ስብስብ የሚመርጠው በኮከቡ ነው። የ1952ቱን የቶፕስ ኩባንያ ስብስብ የሚመኝ ሁሉ የሚያልመው ቁጥር 311ን፣ ሚኪ ማንትልን ነው። አንዷ የማንትል ካርድ ነሐሴ 2022 ላይ በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጣለች። ይህን የሰማ ሰው እጁ ላይ ያለው ሁለት ሺህ ዶላር ሆኖ ሳለ «እስቲ 1952ን ልጀምር» ይላል፤ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች።

ልብ በሉ፣ ማንትል የጠፋ ካርድ አይደለም። በማተሚያው ትልቅ ወረቀት ላይ 311፣ 312 እና 313 ሁለት ሁለቴ ነው የታተሙት። ስለዚህ ከእነሱ በኋላ ከሚመጣው፣ የገዛ ጎረቤቱ እንኳ ከማያስታውሰው ተጫዋች ይልቅ ማንትል በብዛት ታትሟል። ካርዱን ያስወደደው ፈላጊው ነው። ማንትልን ደግሞ አንድ ጊዜ ከፍለው፣ አንድ ጊዜ አልቅሰው ይገላገሉታል። ከ311 እስከ 407 ያሉት ግን 97 ካርዶች ናቸው፤ ማንትል ተገዝቶ 96ቱ ይቀራሉ፤ አንዱም በርካሽ አይገኝም። ካርዱ የሚወጣው ዙር በዙር ነበርና፣ እነዚህን የያዘው የመጨረሻ ዙር ዘግይቶ ወጥቶ ገበያ አጥቶ ቀረ። ካርዶቹን የነደፈው ሳይ በርገር ራሱ እንደተናገረው፣ መጋዘን የያዘውን ትርፍ በ1960 በጀልባ አስጭኖ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ አስጥሎታል። ዛሬ ሰብሳቢው ዕዳውን የሚከፍለው ለዚያ ውቅያኖስ ነው።

ስለዚህ ቀጣዩን ስብስብ መምረጥ ያለበት ኮከቡ ሳይሆን የመጨረሻው ዙር ወንበር አሟቂ፣ ማለትም ተጠባባቂ ሆኖ ተቀምጦ የሚውለው ተራ ተጫዋች ነው። እስከ 1973 ድረስ ቶፕስ የዓመቱን ካርድ በአንዴ አያወጣም ነበር፤ ከፀደይ ጀምሮ ዙር በዙር ነው የሚለቀው። የመጨረሻው ዙር የሚደርሰው በጋው ሊያልቅ ሲል ነው። ያን ጊዜ ልጆቹ ወደ አሜሪካ ፉትቦል ዞረዋል፤ ባለሱቁም ያላለቀለትን የፊተኛውን ሣጥን እያየ አዲስ አያዝም። ስለዚህ በጥቂቱ ታተመ፣ በጥቂቱ ተሸጠ። በ1966 ከ523 እስከ 598፣ በ1967 ከ534 እስከ 609፣ በ1972 ከ657 እስከ 787 ያሉት የዚህ ጦስ ናቸው። የ1967ቱ ዙር ይባስ ብሎ ሮድ ካሩንና ቶም ሲቨርን በመጀመሪያ ካርዶቻቸው፣ ብሩክስ ሮቢንሰንንም ጭምር ይዟል። እዚያ ላይ ኮከቡም ወንበር አሟቂውም ተባብረው ነው የሚገፉት።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ከመጨረሻው ዙር በዕጣ 10 ቁጥሮች ይወሰዱ፤ ታዋቂ ስም ከወጣ ይለወጥ። ለእያንዳንዱ ኢቤይ ላይ በትክክል የተሸጠበት ዋጋ ይፈለግ። ሻጭ የጠየቀው ዋጋ ምኞት ነው፤ የአንዳንዱ ሻጭ ምኞት ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይነካ ተለጥፎ ይኖራል። የአሥሩን አማካይ በዙሩ የካርድ ብዛት ማባዛት፤ ለቀደሙት ዙሮችም እንዲሁ ማድረግ፤ ኮከቦቹን ለብቻ መደመር፤ መጨረሻ ላይ የፖስታ ማስላኪያ መጨመር። ካርዶቹን አንድ በአንድ የሚገዛ ሰው ለፖስታ የሚከፍለው ከካርዱ ዋጋ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህን ሁሉ ኤክሴል ላይ አስፍሮ የሚያሳይ ባል በሚስቱ ዘንድ ይከበራል። ችግሩ ኤክሴሉ የሚከፈተው ብዙውን ጊዜ ከግዢው በኋላ መሆኑ ነው።

ታዲያ የቱ ይሻላል? ልቡም ኪሱም ልከኛ ለሆነ ሰው 1975 አለለት። 660 ካርድ ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለወጣ የመጨረሻ ዙር የሚባል ጣጣ የለውም። ጆርጅ ብሬትና ሮቢን ዮንት የመጀመሪያ ካርዳቸው እዚያ ነው። ጥፋቱ ዙሪያው ሁለት ዓይነት ደማቅ ቀለም መሆኑ ነው፤ ጥግ ላይ ትንሽ ከተላጠ ነጩ ከሩቅ ይታያል። የዚያኑ ዓመት ካርድ በትንሽ መጠን ያተሙትም አለ፤ እሱን የሚጀምረው ትልቁን የጨረሰና ገና ያልዳነ ሰው ነው።

1971 ደግሞ 752 ካርድ ሆኖ ዙሪያው ጥቁር ነው። ሲታይ ያምራል፤ ሲነካ ይላጣል። በዚህ የተነሳ አንዳንድ ጨዋ ሻጮች ጥጉን በጥቁር ማርከር ቀባ ቀባ ያደርጉታል። የሚታወቀው ካርዱን ከፊት ሳይሆን በጎን አቁሞ በማየት ነው፤ ውፍረቱ ላይ ነጭ መሆን ያለበት መስመር ቀለም ጠጥቶ ከተገኘ ካርዱ ተኳኩሏል።

የ1955ቱ ቶፕስ 206 ካርድ ብቻ ስለሆነ ጀማሪ ይሮጥለታል። ትንሽ ነው ማለት ርካሽ ነው ማለት አይደለም፤ ክሌሜንቴ፣ ኮፋክስና ኪልብሩ ሦስቱም በመጀመሪያ ካርዳቸው ተቀምጠው ይጠብቁታል። ቁጥሩ ደግሞ እስከ 210 ይሄዳል፤ 175፣ 186፣ 203 እና 209 ጭራሽ አልታተሙም። ይህን ሳያጣራ የካርድ ባዛር የሚሄድ ምስኪን ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ «175 አለህ?» ይላል። ነገረኛ ሻጭ ከገጠመው መልሱ «ወይኔ፣ አሁን ሸጥኩት!» ነው።

በዚህ ማታለል ግን የ1933ቱን የቦስተን ማስቲካ ኩባንያ፣ ጉዲን፣ የሚያህለው የለም። 240 ካርድ ብሎ ቁጥር 106ን ሳያትም ቀረ፤ ልጆቹ የሌለውን ካርድ ፍለጋ ማስቲካ ሲያኝኩ ከረሙ። አቤቱታ ሲበዛ በ1934 ናፕ ላጆይን አትሞ ደብዳቤ ለጻፉት ላከላቸው። በዚያ ስብስብ ቤብ ሩት አራት ጊዜ ይገኛል፤ አራት ጊዜም ያስከፍላል። ከ1909 እስከ 1911 ከሲጋራ ጋር ለወጣው፣ ቲ206 ለተባለው ስብስብ ደግሞ ሰብሳቢዎቹ ራሳቸው «ጭራቁ» የሚል ስም አውጥተውለታል፤ 524 ካርድ ነው። እጅግ ብርቅ የሆኑት አራቱ፣ ሆነስ ዋግነር፣ ፕላንክና ሁለቱ የኅትመት ስሕተቶች፣ ተቀንሰው «520 ጨረስኩ» ማለት እዚያ ሰፈር ነውር አይደለም።

ለእኛ ሚዛን ከሁሉም 1956 ይበልጣል። 340 ካርድ፣ ወርዱ የተንጣለለ፣ ከተጫዋቹ ፊት ጀርባ ሜዳ ላይ ሲሮጥ የሚያሳይ ሥዕል ያለው። የሚያንቅ የመጨረሻ ዙር የለውም። ማንትል፣ ጃኪ ሮቢንሰን፣ ቴድ ዊሊያምስ፣ ክሌሜንቴ አሉ። የሃንክ አሮን ካርድ ላይ ተንሸራትቶ የሚገባው ሰውዬ አሮን ሳይሆን ዊሊ ሜይስ ነው፤ ፎቶ የመረጠው ሰው ተሳስቶ ነው። በሚቀጥለው ዓመትም አሮን አልቀናውም፤ ፎቶው ተገልብጦ ታተመና ቀኝ እጁ ሰውዬ ግራኝ ሆኖ ቀረ።

ዓመቱ ከተመረጠ በኋላ የካርዱ ይዞታ ካልተወሰነ ምርጫው ግማሽ ነው። ደረጃ ሰጪ ድርጅቶች ከ1 እስከ 10 ይመዝናሉ። ለ1950ዎቹ ካርድ 4 ገደማ ለጤነኛ ሰው ይበቃል፦ ጥጉ ለስለስ ያለ፣ ሥዕሉ ጥርት ያለ፣ ከሩቅ የሚታይ እጥፋት የሌለው። ከ4 ወደ 7 ሲኬድ ዋጋው አብሮ እየተራመደ አይደለም፤ ይዘላል። ዋናው ግን ከወሰኑ ወዲያ አለመዋለል ነው። አንድ ቀን በርካሽ ያገኛትን ባለ 8 ካርድ በ4ቶቹ መሐል የሰካ ሰው ቀሪዎቹ 339 በሙሉ በድንገት ያረጁበታል። ከዚያ «ማሻሻል» የሚሉት ሕመም ይጀምራል፤ ያለቀውን ስብስብ እንደገና መግዛት ማለት ነው።

ሲጀመር ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን በአንድ ላይ ከሚሸጥ ሰው መውሰድ ያዋጣል። ከዚያ በኋላ የተቀላቀለ ክምር መግዛት ኪሳራ ነው፤ 70 በመቶ ላይ የደረሰ ሰው በጅምላ 100 ካርድ ቢገዛ 70 ያህሉ ቤቱ ያሉ ናቸው። በዚህ ምክንያት ነው የብዙ ሰብሳቢ ምድር ቤት ውስጥ የድጋሚ ካርድ ሣጥን ከዋናው ስብስብ የሚበልጠው። ቀጥሎ ውዶቹን ማስቀደም ነው፤ ገንዘቡም ወኔውም በጅምሩ ላይ ነው ያለው። ተራዎቹ የትም አይሄዱም።

ሲገዛ በእጅ የሚያዝ 10 እጥፍ ማጉያ መነጽር አይርሳ። የድሮው ኅትመት ላይ ፊደሉና ጥቁር መስመሩ ድፍን ቀለም ነው፤ ፊደሉም እንደ ሥዕሉ ነጠብጣብ ሆኖ ከታየ በሐሰት ቅጂነት መጠርጠር ነው። ጠርዙ የተከረከመውን ለመያዝ ከዚያው ዓመት 20 ተራ ካርዶች መሐል አስገብቶ ክምሩን ጠረጴዛ ላይ ማስተካከል ይበቃል፤ የተቀነሰችዋ ጎድላ ትታያለች። ጀርባውንም ገልብጡ፤ አልበም ላይ በሙጫ ተለጥፎ የኖረ ካርድ ሲላቀቅ ወረቀቱን እዚያው ትቶ ይመጣል።

የማስቲካው መጠቅለያ ሰም ፊቱ ላይ ያደረ እንደሆነ መድኃኒቱ ናይለን ስቶኪንግ ነው። ጣት ላይ ጠቅልሎ፣ ሳይጫኑ በክብ በክብ ማሸት። የሚሠራው በሚያብለጨልጨው ፊት ላይ ነው፤ ጀርባው ወረቀት ስለሆነ ሰሙን ጠጥቶታል። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ወጥ ቤት ውስጥ መብራት አብርቶ የሚስቱን ስቶኪንግ ጣቱ ላይ ጠቅልሎ የተገኘ ባል ማስረዳት ያለበት ብዙ ነገር አለው። እውነቱን መናገር ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል።

ማስቀመጫውም ቁጥር አለው። ከ1957 ወዲህ ያለው 2½ በ3½ ኢንች ስለሆነ ባለ 9 ኪስ ገጽ ይገባል፤ የ1975ቱ 74 ገጽ፣ የ1972ቱ 88 ገጽ ይፈልጋል። ከ1952 እስከ 1956 ያሉት ትልልቅ ስለሆኑ ባለ 8 ኪስ ነው፤ ለ1956ቱ 43 ገጽ። የድሮው ለስላሳ ፒቪሲ ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ ዘይት አውጥቶ ካርዱ ላይ ይጣበቃል፤ ፖሊፕሮፒሊን ይሁን። የአቃፊው ቀለበት ክብ ሳይሆን አንድ ጎኑ ቀጥ ያለ ይመረጥ፤ ክቡ ከውስጥ በኩል ያሉትን ካርዶች ይነክሳል። ሁሉንም ደረጃ ሰጪ ዘንድ ልኮ በጠንካራ ፕላስቲክ ማሳሸግ የሚያምረው ሰው ከካርዱ በፊት ሰፋ ያለ ቤት ይግዛ።

እንግዳ ሲመጣ አቃፊው መውጣቱ አይቀርም። ሜሪላንድ ውስጥ ጎረቤቱ ቤት ለቡና የተጠራ ሐበሻ ሁለት ገጽ በትሕትና ካገላበጠ በኋላ «ስንት ያወጣል?» ይላል። ሲነገረው ኩባያውን አስቀምጦ «ታዲያ ለምን አትሸጠውም?» ይላል። ይህን ጊዜ የባለቤቱ ሚስት የሐበሻውን ስኒ ሳይጠየቅ ትሞላለች።

ለ1956 የቆረጠ ሰው አንድ ነገር አስቀድሞ ይወስን። ከ340ው ሌላ ቁጥር የሌላቸው ሁለት የስም ዝርዝር ካርዶች አሉ። ልጆቹ ያገኙትን እየቆጠሩ በእርሳስ ምልክት ስላደረጉባቸው፣ ያልተነካካው ከብዙ ኮከብ ይወደዳል። ስብስቡ 340 ነው ወይስ 342 በሚለው ሰብሳቢዎች እስከ ዛሬ ይጣላሉ። ውሳኔው መጀመሪያ ላይ ቢሆን ይሻላል፤ 340ውን ጨርሶ ማታ ላይ ስልኩን ያነሳ ሰው 342 ነው ማለቱ አይቀርም።