ኤአይ በውስጥ መስመር አያናግራችሁም

የእህቴ ልጅ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። ለጓደኛዋ ሠርግ የሀበሻ ቀሚስ ፈልጋ ቻትጂፒቲን፣ ያንን ለጥያቄ መልስ የሚሰጠውን ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት)፣ ጠየቀችው። «አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ጥሩ ጥልፍ የሚሠራ ማን አለ?» የመጣላትን መልስ ላከችልኝ። ሽሮ ሜዳ በባህል ልብስ የታወቀ ገበያ ነው፣ ሱቆቹን ዞር ዞር ብለሽ እዪ ይላል። በስም የጠቀሳቸው ሦስት ሱቆች ግን ሁሉም አሜሪካ ሆነው በኢንተርኔት የሚሸጡ ናቸው።

እኔ ደግሞ እዚያው ሽሮ ሜዳ የዓመታት ደንበኛዬ የሆነች ጥልፍ ሠሪ አለችኝ። እጇ የተባረከ ነው። የቴሌግራም ቻናሏ በፎቶ ተሞልቷል። ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር የሚጻፈው ግን አንድ ነው፦ «ዋጋ ለማወቅ በውስጥ መስመር ያናግሩን»። ከዚያ ሦስት የእሳት ምልክት። አለቀ።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ቻትጂፒቲ እንዲህ ላለው ጥያቄ ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ሊመልስ ይችላል። ጎግልም በ2024 (እ.ኤ.አ.) ከውጤቶቹ በላይ የኤአይ ማጠቃለያ ማውጣት ጀምሯል። ሁለቱም ያገኙትን ጽሑፍ አንብበው ጨምቀው ያቀርባሉ። ያልተጻፈውን ከየት ያምጡት? ቲክቶክ ላይ በድምፅ የተነገረ ዋጋ፣ የተዘጋ ግሩፕ ውስጥ የተላከ አድራሻ፣ ፎቶ ላይ የተለጠፈ ስልክ ቁጥር ለእነሱ እንደሌለ ሊቆጠር ይችላል። ፌስቡክም ቢሆን ያለ ፈቃድ በማሽን መረጃ መሰብሰብ ይከለክላል። እኛ ደግሞ ንግዳችንን ያስቀመጥነው በአብዛኛው እነዚሁ ቦታዎች ላይ ነው።

ደንበኛዬ ጋ ሄጄ ስልኬን አውጥቼ አሳየኋት። ጎግል ማፕ ላይ አለች፣ የሰፈር ልጅ አስገብቶላታል። የሥራ ሰዓት በሚለው ቦታ ላይ ከ2 እስከ 12 ብሎ ሞልቷል። እኛ ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 12 ማለታችን ነው። ማፑ ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት ተከፍቶ እኩለ ሌሊት የሚዘጋ ሱቅ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ጊዜው ጠዋት ነበር። እሷ በሯ ላይ ቡና ይዛ ተቀምጣለች፣ ስልኬ «አሁን ዝግ ነው» ይላል። ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፣ ግን ይህን አምኖ ስንቱ ደንበኛ ቀርቶባት ይሆን?

ስሟም እንደዚያው። ቴሌግራም ላይ በ«ፀ»፣ ፌስቡክ ላይ በ«ጸ»፣ ታፔላዋ ላይ በእንግሊዝኛ። ለእኛ አንድ ሴት ናት። ለማሽኑ ሦስት ሱቅ ልትመስል ትችላለች። ስም፣ ስልክና አድራሻ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ይሁን የሚባለው ለዚህ ነው። አድራሻውም «ከታክሲ ማዞሪያው ፊት ለፊት» ቢሆን ችግር የለውም፣ ሰውም እንደዚያ ነው የሚጠይቀው። ብቻ ይጻፍ።

ሰሞኑን «ቻትጂፒቲ ላይ አንደኛ እናወጣችኋለን» የሚሉ ሰዎች መጥተዋል። ገንዘባችሁን ያዙ። በ2023 የአሜሪካው ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲና የሌሎች ተቋማት ተመራማሪዎች በእነዚህ መሣሪያዎች መልስ ውስጥ ምን ዓይነት ጽሑፍ ጎልቶ እንደሚወጣ ፈትሸው ነበር። ቁጥር፣ በቀጥታ የተጠቀሰ የሰው ንግግርና የመረጃ ምንጭ የያዘ ጽሑፍ የተሻለ ታየ። አንድን ቃል ደጋግሞ መጠቅጠቅ፣ ያ የድሮው የጎግል ዘዴ፣ እምብዛም አልጠቀመም። ስለዚህ «ምርጥ፣ ምርጥ፣ ምርጥ የሀበሻ ልብስ» ብሎ ከመደርደር «በእጅ የተፈተለ ጥጥ ነው፣ ጥልፉ ሁለት ሳምንት ይፈጃል» ማለት ይሻላል።

ዌብሳይት ያላችሁ ደግሞ የሠራላችሁን ልጅ አንድ ነገር ጠይቁት፦ የኤአይ ማሽኖች እንዳይገቡ ዘግተሃል ወይ? ዌብሳይቶችን ከጥቃት የሚጠብቀው ክላውድፍሌር የተባለው ድርጅት ከጁላይ 2025 ጀምሮ አዲስ ለሚመዘገቡለት ዌብሳይቶች ባለቤቱ ካልፈቀደ በቀር መዝጋት ጀምሯል። ሳታውቁት በራችሁ ተቆልፎ ይሆናል።

የደንበኛ አስተያየትም ነገር አለ። የረካ ሰው «እግዚአብሔር ይስጥሽ» ብሎ ይሄዳል፣ የተናደደ ግን ይጽፋል። ማሽኑ ደግሞ ቀልድና ቁምነገር ሁልጊዜ አይለይም። በ2024 የጎግሉ ኤአይ አይቡ ከፒዛው እንዲጣበቅ ሙጫ ጨምሩበት ብሎ መክሮ ነበር። ምንጩ ሬዲት በተባለው የውይይት ድረ-ገጽ ላይ ከዓመታት በፊት የተጻፈ ቀልድ ነው። እና የረካውን ደንበኛ «እስቲ ሁለት መስመር ጻፍልኝ» ማለት ነውር የለውም። የውሸት ማስጻፍ ግን ይቅር። አሜሪካ በ2024 ባወጣችው ደንብ ከልክላዋለች፣ እኛ ጋም ሲነቃበት ስም ያጠፋል።

ወደ ዋጋው ስመጣ ደንበኛዬ ፊቷን አኮሳተረች። «አንተ ደግሞ! ዋጋ ከጻፍኩ ጎረቤቴ ነገ በመቶ ብር አሳንሶ ይጽፋል» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ገበያው እንደዚያ ነው። ቁርጥ ዋጋ አትጻፊ፣ ከዚህ እስከዚህ እንደ ጥልፉ ብዛት በዪ አልኳት። ሜሪላንድ ሆኖ የሚጠይቅ ሰው በእሷ ሌሊት ነው የሚጠይቀው፣ እስክትነቃ አይጠብቃትም። ቅር እያላት እሺ አለች።

ባለፈው ሳምንት ገብቼ አየሁ። ሰዓቱን አስተካክላለች፣ ስሟም በሁሉም ቦታ በ«ፀ» ሆኗል። ዋጋው ግን አሁንም በውስጥ መስመር ነው።