ይድረስ ለወገቤ ሰገባ

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ካንተ በስተቀር ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ አይክፋህ። በምስጢር ልጽፍልህ አስቤ ነበር፤ ግን አንተና ምስጢር እንደማትተዋወቁ ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር ያለው የደሴ ሰው ምስክር ነው። የተገዛኸው ለአንድ ሥራ ብቻ ነበር፦ ሽጉጡን ሸሽገህ እንድትይዝ። መያዙን ትይዛለህ። መሸሸጉን ነው ለኔ የተውከው።

ለማያውቁን ልንገራቸው። እኔ ገንዘብ አጃቢ ነኝ። ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤቴ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ገንዘብ ሲልክ ከሹፌሩ ጎን የምቀመጠው፣ የደንብ ልብስ የሌለኝ ሰውዬ ነኝ። የምይዘው ማካሮቭ ነው። 8 ጥይት ይጎርሳል፣ ቁመቱ 16 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ባዶውን 730 ግራም ግድም። ወረቀት ላይ ሲነበብ ምንም አይደለም፤ ሥጋ ቤት ሄዶ 730 ግራም አስመዝኖ ከጠዋት እስከ ማታ ጎኑ ላይ አስሮ የዋለ ሰው ግን ይረዳኛል። ፈቃዱ ደረት ኪሴ ውስጥ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ንም አንብቤዋለሁ፤ ስለ ፈቃድ ብዙ ይላል፣ ስለ ጎድን አጥንት ግን ትንፍሽ አይልም።

መጀመሪያ ስትመጣ ቀጥ ያልክ ነበርክ። አፈሙዙ ወደ መሬት፣ እጀታው ወደ ኋላ፣ አንተም እንደ ሰልፈኛ ቀጥ። ቆሜ ሳለሁ ጨዋ ነህ፣ አልዋሽብህም። ችግሩ የደሴ ሰው ቆሞ የሚኖር መስሎህ መምጣትህ ነው። እዚህ ቡና የሚጠጣው በርጩማ ላይ ነው፤ ለቅሶ የሚደረሰው ምንጣፍ ላይ ነው። በርጩማ ላይ ስቀመጥ ጉልበቴ ወደ ደረቴ ይወጣል፣ ቀበቶዬ ወደ ላይ ይገፋል፣ እጀታው ደግሞ የመጨረሻዋን ጎድኔን ፈልጎ ያገኛታል። አንድ ቀን እንኳ ስቷት አያውቅም። አቦሉን በግራ ቂጤ ተንጋድጄ እጠጣለሁ፤ ቶናው ላይ ግድግዳ እደገፋለሁ፤ በረካው ላይ «ሥራ አለብኝ» ብዬ እነሳለሁ። በወሎ በረካ ሳይጠጡ መነሳት ምን እንደሚያስብል አንተ አታውቅም፤ ቆዳ ነህ።

ብቸገር፣ አጃቢነት አብሮኝ ለሠለጠነ ጓደኛዬ ደወልኩለት። «በ4 ሰዓት ላይ ታጠቀው፣ 15 ዲግሪ ወደ ፊት አዘንብለው» አለኝ። በማግስቱ ልክ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ታጠቅኩህ። ለውጥ የለም። እንደገና ስደውል ሆዱን ይዞ ሳቀ። ለካ ወገብ እንደ ሰዓት ይቆጠራል፤ እምብርት 12፣ የቀኝ ዳሌ 3፣ 4 ማለት ከዳሌው ትንሽ ወደ ኋላ። «የማን 4? የኛ ወይስ የፈረንጅ?» ብዬ ጠየቅኩት፤ መልሱን ሳልሰማ ኔትወርኩ ተቋረጠ። የኔ ስልክ በኛ 4 ሰዓት ሲሆን 10 ነው የሚለው። እንግዲህ በ10 ላይ ማለቱ ይሆናል ብዬ ወደ ግራ ሆዴ አዞርኩህና አንድ ቀን ሙሉ እንደ ተሰረቀ ዳቦ ታቅፌህ ዋልኩ። ሹፌራችን የሚቀመጠው ከግራዬ ነው። ሽጉጡ ቢመዘዝ አፈሙዙ መጀመሪያ የሚሰላመተው እሱን እንደሆነ ገብቶታል፤ መሐረብ ላወጣ እጄን ባነሳሁ ቁጥር «ቢስሚላህ» እያለ ኮምቦልቻ ደረስን።

ሌሎቹንም ሞክሬያቸዋለሁ። 6 ሰዓት ላይ፣ ጀርባዬ መሐል ለሁለት ቀን ዋልክ። ክረምት ነበር፤ በክረምት የደሴ ቁልቁለት ላይ የማይንሸራተት ሰው ደግሞ ገና አልተወለደም። ማካሮቭ ላይ በአከርካሪ መውደቅን ካሰብኩ በኋላ በጤናዬ አልቀለድኩም። እምብርት ሥር ስለሚታጠቁበት ማዕዘን ግን እዚህ አልጽፍም፤ ባለትዳር ነኝ።

በመጨረሻ ቆዳ ሰፊ ዘንድ ወሰድኩህ። ትዝ ይልሃል? ሽጉጡን ቢሮ ቆልፌበት አንተን ባዶህን በጋዜጣ ጠቅልዬ ነው የሄድኩት። ሰውዬው ገለጥ አድርጎህ አየህ፣ አሸተተህ፣ ሆድህን በእንጨት ቁራጭ ሞላና «ምን ሆነ?» አለ። «15 ዲግሪ ይዘንብልልኝ» አልኩት። «ዲግሪ ዩኒቨርሲቲ ሂድ፤ እዚህ በጣት ነው» አለኝ። ቀበቶ የሚያልፍበትን ማሰሪያ በምላጭ ፈታው፣ በኖራ ጠመኔ አንድ ጣት የሚያህል አጋድሞ አሰመረ፣ ወስፌውን ሰም እያስነካ ጉልበቱ ላይ አስተኝቶ ሰፋህ። አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት፦ ቃታውን የምትሸፍነውን ቆዳ እንዳይነካት። እሷ ብትከፈት ስለ ማዕዘን መጨቃጨቅም አያስፈልገንም ነበር።

እውነት ለመናገር፣ ያ አንድ ጣት ዓለሜን ቀየረው። ለካ የሚያሳጣው አፈሙዙ ሳይሆን እጀታው ኖሯል። አፈሙዙን ሱሪ ይሸፍነዋል፤ እጀታው ነው ወደ ኋላ ተገትሮ ኮት የሚገፋው። ወደ ፊት ሲዘነብል እጀታው ሽቅብ ይወጣና የጎንን ቅርጽ ተከትሎ ይተኛል። በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ጎድኔ ዝም አለች። በረካ ጠጣሁ፤ ከስንት ወር በኋላ!

ታዲያ አንተ መቼ ሰላም ትወዳለህ? ከደሴ ስንነሳ የጦሳ ተራራ ብርድ ስላለ ሹራብ፣ በላዩ ኮት፤ ሽጉጥ ቀርቶ መድፍ ቢታጠቁ አይታይም። የሐረጎን ቁልቁለት ተጠማዝዘን ስንወርድ ግን ሙቀቱ በየመታጠፊያው አንድ አንድ ልብስ ያስወልቃል። ኮምቦልቻ ስንገባ ሰው ሁሉ በሸሚዝ ነው፤ ኮት ለብሶ የሚያልበው ሰውዬ እኔ ብቻ። «የሚደብቀው ነገር አለ» ለማለት ፖሊስ መሆን አያስፈልግም። ኮቱን ባወልቅ ደግሞ ሌላ ጉድ፦ ያ ያዘነበልነው እጀታ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር በሸሚዜ ሥር እንደ ሠንጋ ሻኛ ብድግ ይላል። ስለዚህ ጎንበስ ማለት ትቻለሁ። የወደቀ ብር ሳነሳ ጀርባዬን ቀጥ አድርጌ፣ በጉልበቴ ዝቅ ብዬ፣ አንድ እጄን ቀኝ ጎኔ ላይ ጭኜ ነው።

ሰፈሩ ይህን አይቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ኩላሊቱ ነው።»

ሲጀመር በሹክሹክታ ነበር። ከዚያ አንዷ ጎረቤት የገብስ ውሃ አፍልታ በጆግ ላከች። ሌላዋ ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሳ መጣች። ከአንዱ ቤት ጠበል በሃይላንድ ተላከልኝ፤ ከሌላው ቤት ዱዓ ተደረገልኝ፤ ወሎ አይደል፣ ለአንድ ሰገባ ሁለቱም ደረሱለት። የዕድራችን ሰብሳቢ መንገድ ላይ አስቁሞ «ጠጠር ከሆነ በጊዜ ነው፣ አትፈር» አለኝ። ዝም አልኩ። ምን ልበል? አንተ ያልሸሸግከውን ኩላሊቴ ሸሸገልኝ። የገብሱንም ውሃ ጠጣሁ፤ ሌሊቱን አምስት ጊዜ ስነሳ ባለቤቴም በበሽታው አመነች።

ባለፈው እሁድ እማማ ዘንድ ቡና ተጠርተን ሄድን። እማማ የሰፈሩ ትልቅ ናቸው፤ ጥቁር አዝሙዱን በየሳምንቱ የሚያስታውሱኝም እሳቸው። ከቧንቧ ውሃ ሰፈር የመጡ እንግዶች ነበሩ። አንዲት ሲኒ ከረከቦቱ ተንከባልላ እግሬ ሥር ገባች። ይሉኝታ ያዘኝና ሳላስብ ጎንበስ ብዬ አነሳኋት። እማማ ዓይናቸውን ከጀበናው ሳይነቅሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ልጄ፣ ኩላሊትህ ወጥቷል፤ ሸፈን አድርገው፣ እንግዳ አለ» አሉኝ።

እስከ ጡረታ ያንተው፣
ገንዘብ አጃቢው

ግልባጭ፦
ለቀኝ ኩላሊቴ፤ ያለ ጥፋቱ ስሙ ስለጠፋ።