ጎን ሲወጋ ሁሉ ኩላሊት ነው?

«ጎኔን አልፎ አልፎ ይወጋኛል፣ ያው ኩላሊት ይሆናል» አለ አንዱ። ክርክሩ የተነሳው ከዚህ ነው።

«በምን አወቅህ?» አለችው አንዷ። «ስትጎነበስ ወይም ወገብህን ስታዞር ከባሰብህ፣ በጣትህ ስትጫነውም ቦታው ከታወቀህ፣ ጡንቻ ነው። ኩላሊት ለመጎንበስህም ለመቃናትህም ደንታ የለውም።»

«መጎንበስ ምንም አይለውጠውም። ድንገት ይነሳል፣ እየመጣ እየሄደ አንድ ሰዓት ያህል ያሰቃየኛል፣ ከዚያ ጥፍት ይላል።»

«ተኝተህ ታሳልፈዋለህ?»

«የምን መተኛት! ስንቆራጠጥ ነው የማሳልፈው። ወደ ብሽሽቴ ይወርዳል፣ ያቅለሸልሸኛል።»

ታላቃቸው ጣልቃ ገቡ። «ጠጠር ነዋ! ሲነሳብህ ውሃ በላይ በላዩ ጠጣ፣ ገፍቶ ያወጣዋል።»

«እሱ ላይ አልስማማም ጋሼ» አለች። «የሚያመው እኮ ሽንቱ መውረጃ አጥቶ ኩላሊቱ ሲወጠር ነው። በዚያ ሰዓት ውሃ ማብዛት ውጥረቱን ቢያብስ እንጂ ጠጠሩን አያወርድም። ውሃው የሚጠቅመው ሌላ ጠጠር እንዳይፈጠር ነው፤ ለዚያም በቀን ከ2 እስከ 2.5 ሊትር ሽንት መውጣት አለበት።»

«ይሄ ሁሉ ለምን?» አለ ባለ ጉዳዩ። «አልትራሳውንድ ታይቼ ንጹህ ነው ተብያለሁ።»

«መቼ ታየህ?»

«ከተወኝ ከሳምንት በኋላ።»

«ታዲያ ምን ሊገኝ!»

«መሣሪያ ያላየውን አንቺ ልታዪ ነው?» አሉ ጋሼ። ሁለቱ ወንዶች ሳቁ።

እኔ ግን ከእሷ ጋር ነኝ። ኩላሊቱ ከሽንት ቧንቧው ጋር የሚገናኝበት ቦታ የጠበበ ሰው ብዙ ፈሳሽ ሲጠጣ ኩላሊቱ ይወጠራል፤ ሽንቱ ሲወርድለት ውጥረቱ ረግቦ ምስሉ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ አልትራሳውንዱ ሕመሙ ሳይለቅ ቢነሳ ይሻላል። ቧንቧው መሃል የተቀረቀረ ትንሽ ጠጠርንም አልትራሳውንድ ሊስተው ይችላል፤ እሱን አጥርቶ የሚያሳየው ሲቲ ስካን ነው። ጨረር ስላለው ግን በየውጋቱ አይነሳም፣ በእርግዝና ጊዜም መጀመሪያ የሚመረጠው አልትራሳውንድ ነው። የሽንት ምርመራም ደም ባያሳይ ጠጠር የለም አያሰኝም።

ሐኪም ዘንድ ከሚወሰድ «ጎኔን ያመኛል» ይልቅ ማስታወሻ ይበልጣል፦ የጀመረበት ሰዓት፣ የቆየበት ጊዜ፣ የወረደበት አቅጣጫ፣ ከዚያ በፊት የተጠጣው፣ የሽንቱ ቀለም፣ የሰውነት ሙቀት። ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይወጣል፤ ሽንቱን በማጥለያ አጥልሎ ጠጠሩን መያዝና ማስመርመር ቀጣዩን ለመከላከል መንገድ ያሳያል። ማስታገሻው ብዙ ጊዜ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ነው፤ ኩላሊቱ ለደከመና ለነፍሰ ጡር ግን አይሆንም።

ሦስቱም ያላነሱት አለ። በአንድ ጎን ብቻ ቆዳን የሚያቃጥል ሕመም ከቀናት በኋላ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ካወጣ አልማዝ ባለጭራ ነው።

ቀጠሮ የማይጠብቀው ደግሞ ይሄ ነው፦ ከጎን ሕመም ጋር 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት፣ የሽንት መቋረጥ፣ አንድ ኩላሊት ብቻ ያለው ሰው ሕመም። ዕድሜው 60 ያለፈ ሰው እንዲህ ያለ ሕመም ለመጀመሪያ ጊዜ ድንገት ከያዘውም ጠጠር ነው ብሎ ቤት መቀመጥ የለበትም፤ ሆድ ውስጥ ያለው ትልቁ የደም ቧንቧ አብጦ ሲቀደድም ሕመሙ ልክ እንደ ጠጠር ሊሆን ይችላል።