ኩፖንና ምርቃት

ከአምባ ጊዮርጊስ ነጭ ሽንኩርት እያመጣች ጎንደር ቅዳሜ ገበያ የምትሸጥ ደንበኛ አለችኝ። ሚዛኑ ልክ ሲመጣ እጇን አትሰበስብም፤ «መርቂልኝ እታለም» ከማለቴ በፊት ሦስት አራት ራስ ጨምራ ትጥልበታለች። ይህ ጭማሪ ምርቃት ይባላል። ቃሉ አባት ለልጁ ከሚሰጠው ምርቃት ጋር አንድ መሆኑ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ቅድመ ሁኔታ የለውም፣ የሚያበቃበት ቀን የለውም፣ ተመልሰህ ካልመጣህ ይሰረዛል የሚል ማስጠንቀቂያም አልተጻፈበትም።

ኩፖን የምርቃት ታናሽ ወንድም መስሎኝ ነበር። ባለፈው የገና ዋዜማ የተረዳሁት ግን ሌላ ነው።

ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ መደብር የበዓል አስቤዛ ገዛሁ። ከሒሳብ መቀበያው በላይ «የ3000 ብር ዕቃ ለገዛ የ300 ብር ኩፖን» የሚል ማስታወቂያ ተሰቅሏል። የኔ ሒሳብ 2640 ብር መጣ። ለ360 ብር ብዬ 300 ብር ልተው? ተመለስሁና ብስኩትና ቤት ውስጥ የማይጎድለንን የገላ ሳሙና ጨመርሁበት። ልጅቷ ኩፖኑን በሁለት እጇ ይዛ ስትሰጠኝ ያተረፍሁ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

እቤት ገብቼ ለእናቴ «ኩፖን ሰጡኝ» ብላት፣ «ስኳር መጣ እንዴ?» አለችኝ።

በእሷ ዕድሜ ላለ ሰው ኩፖን ማለት የደርግ ዘመን የቀበሌ ሱቅ ነው። ቤተሰብ እየተቆጠረ ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና የሚታደልበት፣ ከጠፋ ወሩ የሚጠፋበት ወረቀት። ያ ኩፖን የመጣው ያነሰ ዕቃ ለማካፈል ነበር። የዛሬው ተቃራኒው ነው፤ ዕቃው መደርደሪያ ሞልቶ ገዢው ሲሳሳ የሚወጣ። ዘሩም ከሌላ አገር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ አሜሪካ ውስጥ ኮካ ኮላ ገና ስሙ ሳይታወቅ ለሰዉ የአንድ ብርጭቆ ነጻ መጠጥ ወረቀት ያድል ነበር። አንዱ ብርጭቆ የሚሸጠው በ5 ሳንቲም ነው። የመጀመሪያውን በነጻ የጠጣ ሁለተኛውን በገንዘቡ ይጠጣል፤ ስሌቱ ይኸው ነበር፣ ሠራም።

እናቴ መነጽሯን አድርጋ የወረቀቱን ጀርባ አነበበች። እኔ ያላነበብሁትን ማለት ነው። ኩፖኑ የሚሠራው ከ2000 ብር በላይ ለሚገዛ ሰው ነው። እንግዲህ አስሉት፦ 3000 አውጥቼ ኩፖኑን አገኘሁ፣ ኩፖኑን ለመጠቀም ሌላ 2000 ላወጣ ነው። 300 ብር ከ3000 ብር ላይ 10 በመቶ ይመስላል፣ ከ5000 ብር ላይ ግን 6 በመቶ ብቻ ነው። በዚያ ላይ አምስት ሊትሩን ዘይት ከሰፈራችን ባለ ሱቅ በ110 ብር አስወድደው እንደሸጡልኝ ያወቅሁት በማግስቱ ነው። ለማሟያ የጨመርሁትን 360 ብር እንዳትረሱት።

ይህም ሆኖ የቀረውን ላድን ብዬ ለጥምቀት ዕቃ ስንገዛ፣ ጥር 9 ቀን፣ ኩፖኔን ይዤ ሄድሁ። «ጊዜው አልፏል» ተባልሁ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «እስከ ጃንዋሪ 15» ነው። ጃንዋሪን ጥር እያልን ስላደግን ጥር 15 ነው ብዬ ደምድሜ ነበር፤ ጃንዋሪ 15 ማለት ግን ጥር 7 ነው። በሁለት ቀን አለፈኝ። ጎንደር ከተማ ውስጥ ጥምቀትን በጥር 11 ለሚያከብር ሕዝብ በፈረንጅ ቀን የሚያበቃ ኩፖን የሚያትም ሰው ወይ ግድ የለውም፣ ወይ ሒሳቡን አሳምሮ ያውቃል። የትኛው እንደሆነ አልፈርድም።

ነጋዴው መቀነስ ከፈለገ ለምን ለሁሉም አይቀንስም? መልሱ ቀላል ነው። ለሁሉም ከቀነሰ፣ በሙሉ ዋጋ ሊገዛ ከመጣው ችኩል ሰው ላይ የሚያገኘው ትርፍ ይቀርበታል። ኩፖን ሰውን በሁለት ይከፍላል፤ ወረቀት ቆርጦ፣ ቀን ቆጥሮ፣ መልእክት ከስልኩ ፈልጎ የሚመጣው በርካሽ ይገዛል፣ ጊዜ የሌለው ልዩነቱን ይከፍላል። ለእኛ ይህ አዲስ አይደለም። አራዳ ገበያ ጫማ ሻጩ ዋጋ የሚጠራው የገዢውን ፊትና ሰዓት አይቶ ነው፤ ከውጭ የመጣ ዘመድ አብሮህ ከቆመማ ዋጋው በአንድ ጊዜ ይዘላል። ክርክርም እንደ ኩፖን ነው፣ ጊዜና ትዕግሥት ላለው የሚሰጥ ቅናሽ። ልዩነቱ በክርክር ጊዜ ሁለታችንም መጫወታችንን እናውቃለን።

ስለዚህ ኩፖንን አልጠላም። የምጠላው ዋጋውን ሳያሳይ ቅናሹን ብቻ የሚያሳይ ኩፖንን ነው። ከስንት ነው የቀነሰው? «እስከ 50 በመቶ» ተብሎ በቀይ ቀለም ሲጻፍ፣ «እስከ» የምትለዋ ቃል ከአንድ ካልሲ በስተቀር ለሌላው ዕቃ ሁሉ ማምለጫ ናት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ ያስገድዳል፤ ሐሰተኛ ወይም አሳሳች የዋጋ ቅናሽ ማስታወቅንም ይከለክላል። ይህን የሚያውቅ ሸማች ስንት ነው? እኔም ያነበብሁት ከተታለልሁ በኋላ ነው። ከበዓል በፊት ባለው ሳምንት ዋጋ ጨምሮ በዋዜማው «ቀነስሁ» የሚል ሰው የሚገጥመው ጠያቂ ቢኖር፣ «ባለፈው ሳምንት ስንት ነበር?» የምትለው አንዲት ጥያቄ ትበቃለች። እናቴ ይህን ለመጠየቅ አዋጅ አላስፈለጋትም። የቤት ወጪ የምትጽፍበት ደብተር አላት፣ የዛሬ ሦስት ወር ምስር በስንት እንደገዛች ገልጣ ታሳይሃለች።

አገራችን ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የሚሠራበት ቅናሽ ግን ወረቀት የለውም። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ ልቀንስልህ» የሚለው ነው። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለና ቅናሹ የሚያጓጓ ይሆናል። ባለፈው ዓመት የኤሌክትሪክ ምጣድ የገዛ ጎረቤቴ በዚህ መንገድ ደስ ብሎት ነበር፤ ምጣዱ በሁለተኛው ሳምንት ሲበላሽ ግን ሻጩ አላውቅህም አለው። በእጁ አንዲት ብጣሽ ወረቀት አልነበረችም።

አሁን ኩፖኑ ወደ ስልክ እየገባ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በስልክ መክፈል ለብዙዎቻችን ተራ ነገር ሆኗል፤ የአየር ሰዓት ስንሞላበት ጭማሪ ይሰጠናል፣ አንዳንድ ሱቆችም በእሱ ለከፈለ ይቀንሳሉ። ደግ ነው፣ የምገዛውን ስገዛ የመጣ ጭማሪ ከምርቃት አይርቅም። ችግሩ ከዚሁ ጎን በቴሌግራም የሚዞረው ነው። የታወቀ ድርጅት ዓርማ ለጥፎ «የበዓል ስጦታ ኩፖን፣ ለ20 ሰው ያጋሩ» የሚል ማስፈንጠሪያ ሳይደርሰኝ ያለፈ በዓል የለም። የሚልከውም ክፉ ሰው አይደለም፣ አክስቴ ናት። የምሥጢር ቁጥር የሚጠይቅ ኩፖን ኩፖን እንዳልሆነ ሁለት ጊዜ አስረድቻታለሁ፤ ለፋሲካ ሦስተኛ ጊዜ ሳስረዳት አልቀርም።

ወጪ በእውነት የቀነሰልኝን ልንገራችሁ ካልሁ ደግሞ ነገሩ ያረጀ ነው። ከሁለት ጎረቤቶቻችን ጋር አንድ ኩንታል የደንቢያ ጤፍ ገዝተን እንካፈላለን፤ በኪሎ ከመግዛት ያለው ልዩነት ከማንኛውም ኩፖን ይበልጣል። ሽንኩርት በፎገራ ሲደርስና ዋጋው ሲወርድ በጆንያ እንገዛለን። ሥጋ ለበዓል ቅርጫ ነው። ይህ ሁሉ ግን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ላለው ወይም እቁብ ለወጣለት ሰው የሚቀል ነገር መሆኑን አልክድም፤ የዕለት ገቢ ያለው ሰው ዘይት በብርጭቆ፣ ስኳር በሩብ ኪሎ ይገዛል፣ በየኪሎውም ከሁላችን የበለጠ ይከፍላል። ኩፖን የሚገባው ሰው ቢኖር እሱ ነበር። የሚታደለው ግን የ3000 ብር ዕቃ ለገዛ ነው። እስኪ ለግማሽ ሊትር ዘይት ገዢ ኩፖን የሚሰጥ መደብር ፒያሳ ላይ ይከፈትና ቀድሜ ተሰልፌ አመሰግነዋለሁ፤ ያ ሰው በወር ውስጥ ሃያ ጊዜ ስለሚመለስ ነጋዴውም የሚከስር አይመስለኝም።

ጊዜው ያለፈበትን ኩፖን አልጣልሁትም። ወረቀቱ ወፍራምና ጥሩ ስለሆነ እናቴ ጀርባው ላይ፣ ከጥቃቅኑ ጽሑፍ በታች፣ የቅዳሜውን ዝርዝር ጽፋበታለች፦ ነጭ ሽንኩርት አንድ ኪሎ፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ። ከነጭ ሽንኩርቱ ጎን በቅንፍ «ምርቃቱን እንዳትረሳ» ብላለች።