የፍተሻ ቀን ለድርድር አይቅረብ
ያወጣችሁት ጽሑፍ ተቆጣጣሪዎችና የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ባለቤቶች በፍተሻ መርሐ ግብር ላይ ተቀራርበው መነጋገራቸውን በበጎ ጎኑ አቅርቦታል። መነጋገሩን አልቃወምም፤ ሆኖም በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት በሚገኘው የዴቪስ ቤሲ ማመንጫ የደረሰው ሊዘነጋ አይገባም። የአገሪቱ የኑክሌር ቁጥጥር ኮሚሽን እስከ 2001 እ.ኤ.አ. መጨረሻ እንዲካሄድ የፈለገውን ፍተሻ፣ ኩባንያው ተከራክሮ ወደ ፌብሩዋሪ 2002 አስገፋው። ማመንጫው ቆሞ ሲፈተሽ፣ የኑክሌር ሂደቱን ለመቆጣጠር ከማቀዝቀዣው ውሃ ጋር የሚቀላቀለውና ሲፈስ የቆየው ቦሪክ አሲድ ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ውፍረት ያለውን የሬአክተሩን (የኑክሌር ነዳጁ ያለበትን ጋን) ክዳን ብረት አንድ ቦታ ላይ በልቶ ጨርሶት ነበር፤ በውስጡ ያለውን ከፍተኛ የውሃ ግፊት የተሸከመው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የውስጥ ልባስ ብቻ ነው። የብረቱ መበላት ምልክት ግን ቀደም ብሎ ታይቷል፤ የማመንጫው የጨረር መለኪያዎች ማጣሪያዎች በዝገት ብናኝ ደጋግመው ይደፈኑ ነበር። ውይይቱ ይቀጥል፤ የፍተሻውን ቀን የሚቆርጠው ግን ተቆጣጣሪው ብቻ ይሁን፤ ቀኑ ከተራዘመም ምክንያቱ ወዲያው ለሕዝብ ይገለጽ።